የኤሌክትሪክ መኪና በቆላ ቤት

ስለ መኪና በዚህ ዓምድ ሲጻፍ «የመኪናን ነገር ለጋራዥና ለሾፌር ተዉት፤ ከቤተሰብ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ስለ ቤንዚንና ስለ ናፍጣ መኪና ቢሆን ኖሮ ነቀፌታው ተገቢ ነበር። የነዳጅ መኪና የሚጠግበው ከማደያ ነው፤ ቤት የሚመጣው ለማደር ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ራቱን የሚበላው ቤት ነው። ምጣዱ፣ ካውያውና አምፖሉ ከሚጠቀሙበት መስመር፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ፣ ቤተሰቡ ከሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ኮረንቲ ሲስብ ያድራል። ማታ የሚሰካው፣ ጠዋት የሚነቅለው፣ ገመዱን ከጭቃና ከፍየል የሚጠብቀውም ብዙውን ጊዜ መሪ የሚይዘው ሳይሆን ቤት የሚውለው ሰው ነው።

ይህን ካነሣን ዘንድ የኤሌክትሪክ መኪናና የሴቶች ትውውቅ የዛሬ አለመሆኑን ማውሳት አይከፋም። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ የቤንዚን መኪና የሚነሣው ከፊት ለፊቱ በብረት እጀታ በጉልበት እየተሽከረከረ ነበር። ሞተሩ መልሶ ሲመታ እጅ የተሰበረባቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለው የባትሪ መኪና እጀታ የማያስፈልገው፣ ጢስና ጩኸት የሌለው ስለነበር በብዛት ለሴቶች ይሸጥ ነበር። የሄንሪ ፎርድ ሚስት ክላራ ፎርድ እንኳ፣ ባሏ አገር ምድሩን በቤንዚን መኪና እየሞላ፣ እሷ በ1914 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ትነዳ ነበር። በ1912 (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ይዞ ከቀረበ በኋላ ግን እጀታው ቀረና ቤንዚኑ አሸነፈ። የዚያን ጊዜው ባትሪ ከባድ፣ የሚይዘውም ኃይል ጥቂት ነበር። የዛሬው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ጠባዩም ፈጽሞ ሌላ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ፣ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ስለ ባትሪ መጠየቁ አልቀረም። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን የሚመነጭ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ የአገር ሒሳብ ነው። የቤተሰብ ሒሳብ ግን ለብቻው መታሰብ ያለበት ነው። ከኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ሢሶው ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ የባትሪው ዋጋ ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ ምናልባትም የተሸጠ በሬና የዕቁብ ገንዘብ፣ ከወለሉ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ከአምራቹ ወኪል ውጭ በሌላ አስመጪ በኩል የገባ መኪና ያ ዋስትና እዚህ ላይጸናለት ይችላል። እንግዲያው ዋስትናው አያያዝ ነው።

ሻጩ የሚነግርዎ ምክር ደግሞ በአብዛኛው ለአዲስ አበባ የተበጀ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። ዋጃ ግን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ ሲኬድ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት፤ የራያ ሜዳ ከፍታው ከ1 ሺህ 400 እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ነው። በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ማለፉ አዲስ ነገር አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጡም ወለሉም ከዚያ በጣም ይብሳል። ፈጣን የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት እዚያው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የዋጃ ሰው ዋና ማደያው የገዛ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀላል የሚመስለው ስሕተት እዚህ ከባድ የሚሆነው በሁለቱ ምክንያት ነው።

ባትሪን የሚያስረጁ ነገሮች ብዙ ናቸው። ለቆላ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ሁለቱን ማወቅ ይበቃል፤ እነሱም ሙቀትና ጢም ብሎ ሞልቶ መቆም ናቸው። ሁለቱ ለየብቻ ሲመጡ ባትሪው ይችላቸዋል። ተደርበው ሲመጡ ነው ጉዳቱ።

የሙቀቱን ነገር ለቤት እመቤት ማስረዳት አይቸግርም። ኮረም ደጋ ላይ ብዙ ቀን የሚጠብቅ ሊጥ ዋጃ ላይ ፈጥኖ ኩፍ ይላል፤ ከዘገዩበትም ይኮመጥጣል። የባትሪውም ነገር እንዲሁ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪውን ከውስጥ የሚበላው ኬሚካዊ ሥራ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የኒሳን ሊፍ ታሪክ ነው። ይህች መኪና ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አልነበራትም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሞቃቱ የአሪዞና ግዛት የሚኖሩ ባለመኪናዎች፣ መኪናቸው ገና ብዙ ሳያገለግል የምትሄድበት ርቀት እያጠረ መምጣቱን እየተናገሩ አቤቱታ አሰሙ። በቀዝቃዛ አገር ያሉት ግን በዚያው መኪና ያን ያህል አልተጎዱም። ፋብሪካውም ለ2015ቱ ሞዴል ሙቀት የሚችል ባትሪ ለማውጣት ተገደደ። ዛሬ ወደ አገራችን ከሚገቡት ብዙዎቹ ባትሪያቸውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣው በዋናነት የሚሠራው መኪናው ሲነዳና ሲሞላ ነው። ጠፍቶ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ለሚውል መኪና ጥላ እንጂ ማቀዝቀዣ አይደርስለትም። የኒም ዛፍ ጥላ፣ የቆርቆሮ ዳስ፣ ሌላው ቢቀር የቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ጥላ ለባትሪው ዕድሜ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ነፋስ እንዲያልፍ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን።

ስለ መሙላቱ ደግሞ ባትሪውን እንደ ስልቻ ያስቡት። እስከ አፉ ጢም ብሎ የተሞላ ስልቻ ስፌቱ ይወጠራል፤ ቶሎ ከተጠቀሙበት ምንም አይሆን፤ ሞልቶ ለሳምንት ከተሰቀለ ግን ስፌቱ ይላላል። ስለዚህ ለዕለት ሥራ የሚያስፈልግዎ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል መመላለስ ነው። መኪናው ራሱ 80 ላይ እንዲያቆም ማዘዝ የሚቻልበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በፊት ለፊቱ መስታወት መሰል ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ቋንቋው ቻይንኛ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ አስተካክሎ ይስጥዎ። ሩቅ መንገድ ሲኖር መቶ ይሙሉ፤ ነገር ግን ማታ ሞልቶ እንዲያድር ሳይሆን ሊነሡ ሲሉ እንዲሞላ ሰዓቱን ያስሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ሁለት ዓይነት የሊቲየም ባትሪዎች በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሲሆን ፎልክስዋገን አይዲ 4 የሚጠቀመው ይህን ዓይነት ነው። ሁለተኛው ብረትና ፎስፌት ያለበት፣ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ኤል ኤፍ ፒ የሚባለው ነው፤ የቢዋይዲ መኪናዎች የሚታወቁበት ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት የ80 በመቶው ደንብ ጥብቅ ነው። ሁለተኛው ሙቀትንም መሙላትንም በተሻለ ይታገሣል፤ ግን ውስጡ ምን ያህል ኃይል እንደቀረ ለመለካት ስለሚያስቸግር፣ ሰሌዳው 30 በመቶ እያለ በድንገት ሊያልቅበት ይችላል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ አምራቾች በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል እስከ መቶ እንዲሞላ ይመክራሉ። ለዋጃ የሚስማማው ያን ቀን ወደ ገበያ ወይም ወደ ወልድያ ከሚኬድበት ማለዳ ጋር ማጋጠም ነው። መኪናው ሲገዛ «ባትሪው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለ ቀለሙ ከመጠየቅ ይቀድማል።

ከአሮጌው ዘመን የቀረ ወሬም አለ። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሞላ» ይባል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። «ባትሪ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አይሰካ» የሚለውም አለ። ይህ ሁሉ በሌላ ዓይነት ባትሪ ጊዜ የተወለደ ምክር ነው። የሊቲየም ባትሪ በትንሽ በትንሹ ቢሞላ ይወዳል እንጂ አይጠላም፤ የሚጠላው ባዶውን መክረምን ነው። ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ማታው ሥራ እንግባ። መኪናው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከወልድያ ገባ እንበል። ባትሪው ከመንገዱም ከአስፋልቱም ሙቀት ተሸክሞ መጥቷል። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ በዚያ ሰዓት መብራት አብርቶ፣ ምድጃ አቀጣጥሎ መስመሩን ሰውቶታል፤ የአምፖሉ መፍዘዝ ይመሰክራል። ስለዚህ አይቸኩሉ። ራት ይበላ፣ ቡናው ይፈላ፣ ሦስተኛው ይጠጣ። መኪናው እስከዚያው ይቀዘቅዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢሰኩት መስመሩም ይረጋል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። በዕለቱ ቆቦ ደርሶ የተመለሰ መኪና የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ፣ ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲጀምር ቢያዙት ይመረጣል፤ የቆላ ሌሊት ከንጋት በፊት እንደሚቀዘቅዝ ማንም ያውቀዋል።

መጠኑንም እናስላው። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል፣ በቆጣሪው አነጋገር 15 ቁጥር፣ ይበላል። ዋጃ ወልድያ ደርሶ መልስ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን 20 ቁጥር መሆኑ ነው፤ በመሙላት የሚባክነው ሲጨመር ወደ 22 ወይም 23 ይደርሳል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ መሙያ በ10 አምፔር 2 ሺህ 200 ዋት ይስባል። ስለዚህ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱ ያልቃል። ይህ ዝግታ ብዙዎችን ያበሳጫል፣ ግን ለባትሪው ደግ ነው። ባዶውን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ መንገድ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያስፈልጋል፤ ቀድሞውንም ባዶ እስኪሆን ባይጠበቅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመስመሩ ጉዳይ ነው። ባትሪ ቢጎዳ ገንዘብ ነው፤ መስመር ቢቃጠል ቤት ነው፣ ሰው ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባል። ከመኪናው ይልቅ ይበዛል፤ ነገር ግን ምጣዱ ሁለት ሰዓት ጋግሮ ያርፋል፣ መኪናው ግን 10 ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ለአጭር ጊዜ የሚችል ሶኬትና ሽቦ ለረጅም ጊዜ ላይችል ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ባንድ ሰዓት ከተሰኩማ 5 ሺህ 700 ዋት፣ ማለትም 26 አምፔር ያህል፣ በዚያ ሽቦ ላይ ይሮጣል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናው ይጠብቅ። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ብሎ የሚከራከር አባወራ ቢኖር አንድ ማታ ራቱን ሳይበላ ቢያድር ይገባዋል።

የመኪናው መስመር ከቆጣሪው ሥር በቀጥታ የተዘረጋ፣ ራሱን የቻለ ብሬከር ያለው መሆን አለበት። ከምጣዱ፣ ከማቀዝቀዣው ወይም ከመኝታ ቤት ሶኬት ተቀጥሎ አይሄድም። ግድግዳ ላይ የሚተከለውን የ7 ሺህ ዋት መሙያ የሚያስቡ ከሆነ 32 አምፔር ስለሚስብ ውፍረቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ቆጣሪው መቻሉን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጠይቆ መረዳትም ግዴታ ነው። ማከፋፈያ በተባለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ዕቃ መኪና መሙላት ፈጽሞ አይገባም። ተጠቅልሎ ክምር የሆነ ገመድ ይግላል፤ ተዘርግቶ ይሰካ። በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ያለበት ገመድ ለመኪና አይደለም።

በብዛት የማይታሰብበት ደካማ ቦታ ግን ሌላ ነው። ከቻይና የሚመጣው መሙያ መሰኪያው ጠፍጣፋ ሦስት ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። ሰዉ በመካከል ለስልክና ለራዲዮ የተሠራች ርካሽ አገናኝ አስገብቶ ይሰካል። ያች ዕቃ ናት ቀድማ የምትቀልጠው። ባለሙያ ጠርተው ወይ መሰኪያውን ያስቀይሩ፣ ወይ ለመሙያው የሚስማማ ባለ 16 አምፔር ጠንካራ ሶኬት ያስተክሉ። ከዚያም በሰኩት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሶኬቱን ፊት በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ለብ ቢል ደግ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ጠረኑ የተቃጠለ ላስቲክ ከሆነ ወይም ቀለሙ ከጠቆረ ብሬከሩን አውርደው ይንቀሉ። ይህን ዳሰሳ ልጆች እንዲያደርጉት አይላኩ።

የመሬት ሽቦም አለ። ደኅነኛ መሙያ የመሬት ሽቦ ከሌለ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። «ይህችን ሽቦ ከዚያች ጋር ላገናኛትና ይሠራል» የሚል ሰው ቢመጣ ከደጅ ይመልሱት። ያ ቀይ መብራት የመኪናው አካል ኮረንቲ ቢይዝ ማን እንደሚነካው እየነገረዎ ነው፤ በባዶ እግሩ ኳሱን ከጎማው ሥር ሊያወጣ የሚሄደው ልጅ ነው የሚነካው። የመሬቱ ብረት በደረቅ አሸዋ ውስጥ በጥቂቱ ቢቀበር ሥራውን በወጉ አይሠራም፤ በበጋ የራያ አፈር ምን ያህል እንደሚደርቅ ይታወቃልና በጥልቀት፣ እርጥበት በማይለየው ቦታ ይቀበር። ኮረንቲ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከርም ይሸጣል፤ ለዚህ ሥራ የግድ ነው።

ከኅዳር በኋላ የማሽላ አገዳ በየግቢው ይከመራል። ለከብት ነው፣ ለማገዶ ነው፣ ለአጥር ነው። መኪና የሚሞላበት ቦታ ከዚያ ክምር መራቅ አለበት፤ የሣር ዳስም ለዚህ ቦታ አይሆንም። በብዙ አገሮች እንደታየው የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ ይልቅ ደጋግሞ አይቃጠልም። ከተቃጠለ ግን ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ውሃ ይጠይቃል፣ ጠፋ ሲባልም መልሶ ይነሣል፣ ጢሱም መርዝ ነው። መኪናው የቤቱን ብቸኛ በር ዘግቶ ወይም ከልጆች መኝታ መስኮት ሥር ተጠግቶ አይሙላ። ከወለሉ ሥር የመንፋት ወይም የመንጫጫት ድምፅና ጢስ ከመጣ ሰውን ማውጣት እንጂ ዕቃ ማውጣት አይታሰብ።

መብራት የመጥፋቱን ነገር ሳናነሣ ብንቀር የራያ ሰው ይታዘበናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት መቆየቱ አይዘነጋም። አሁንም ነፋስና ዝናብ ሲበረታ መብራት ይሄዳል ይመጣል። መብራት ሲሄድ መሙያውን ይንቀሉ፤ ሲመጣ ለሩብ ሰዓት ያህል ታግሠው፣ የአምፖሉ ብርሃን መርጋቱን አይተው ይስኩ። ሲመለስ ዘሎ የሚመጣው ኃይል ነው መሙያውን የሚያቃጥለው። መብራት በማያስተማምንበት አገር «ከ20 በታች አላወርድም» ማለት ለድንገተኛ ጉዞ የሚሆን ጥቂት ኃይል ሁልጊዜ ቤት አለ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግማሹን ዝቅተኛ ልክ ቢያደርገው የተሻለ ነው። በዚህ ጉዳይ የባትሪው ዕድሜ ሁለተኛ ይሁን።

ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራካሕሱ ዳገት 1 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ያስወጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ሌላውን ሳንቆጥር፣ 5 ቁጥር ተኩል ያህል ኃይል ይጨርሳል። 50 ለሚይዝ ባትሪ ከመቶው 11 እጅ መሆኑ ነው። ሰሌዳው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል» የሚለው ስለ ሜዳ ነውና በዳገት አይመኑት። ቁልቁል ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከጨረሰው ከፊሉን ይመልሳል፤ መኪናውንም ይይዛል። ነገር ግን ኮረም ላይ ባትሪውን መቶ ሞልተው ቁልቁል ከጀመሩ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ አያገኝም። መኪናው በሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ሸክሙም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከደጋ የሚወርድ ሰው 80 ይዞ ይውረድ፤ ዋጃ ሲደርስ ጨምሮ ያገኘዋል። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲወረድም እንዲሁ ነው።

ነዳጅም ኤሌክትሪክም የሚጠቀመው፣ በገመድ የሚሞላው ሃይብሪድ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ያልቃል። ደንቡ ከላይ የተባለው ነው። አንድ የሚጨመር ቢኖር፣ በኤሌክትሪክ ብቻ እየነዱ ቤንዚኑን ወራት እንዳያሳድሩት፣ ሞተሩም አልፎ አልፎ ሞቆ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ለብዙው ቤተሰብ ግን ቅርብ የሆነው መኪና ሳይሆን ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ከኤሌክትሪክ ባጃጆች ብዙዎቹ በእርሳስና አሲድ ባትሪ ይሠራሉ፤ የነሱ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ማደር ይወዳል፤ ከፊሉ ጎድሎ ካደረ አቅሙ ይሞታል። ስለዚህ ማታ ማታ እስከ መጨረሻው ይሞላ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የጉድጓድም የቧንቧም ውሃ ጨው አለበት፣ አሲድም አይጨመርም። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ፍንጣሪ የሚፈነዳ ስለሆነ ባትሪውን አውጥቶ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ከኩራዝ ወይም ከከሰል ምድጃ አጠገብ መሙላት ክልክል ነው። በአንድ ግቢ ባጃጅም መኪናም ካለ የሁለቱን ደንብ ማቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል፤ በየመሰኪያው ላይ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ አያሳፍርም።

ቤተሰቡ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ርቆ ወር የሚቆይ ከሆነ መኪናውን ግማሽ ያህል ሞልተው፣ ጥላ ሥር አቁመው፣ መሙያውን ነቅለው ይሂዱ። ከትልቁ ባትሪ ሌላ በሩንና መብራቱን የሚያሠራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም የምትሞተው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ግማሹ ኃይል እያለው መኪናው አልከፍትም አልነሣም ይላል። የአሉታዊውን ጫፍ ማላቀቅ ወይም ጎረቤት በየሳምንቱ እንዲያስነሣው ቁልፍ መተው ይቻላል። የኤሌክትሪክ ቁልፉ ሆድ ውስጥ ደግሞ በር ለመክፈት የምታገለግል ትንሽ የብረት ቁልፍ ተሸጉጣ ትገኛለች፤ የት እንዳለች የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ከመሄድ በፊት፣ አንድ ጊዜ አውጥቶ ይያት።